ንፋስ ነው አልኳት

እስካለፈው ወር ድረስ ይህን ነገር ለማንም ተናግሬው አላውቅም። ለንስሐ አባቴ እንኳ አልተናገርኩም። ዐቢይ ፆም በገባ ቁጥር እግራቸው ሥር ተንበርክኬ ሐሜቴን፣ ቁጣዬን፣ የገደፍኩትን ፆም አንድ በአንድ ስናዘዝ ይህንን ግን ጉሮሮዬ ድረስ አምጥቼ መልሼ እውጠው ነበር። "ሌላስ፣ ልጄ?" ይሉኛል። "ሌላ የለም፣ አባ" እላለሁ። ነበረ። ሌላው ሁሉ ተደምሮ የማያክለው አንድ ነገር ነበረ። አሁን ለእናንተ ልናገር ነው፤ ለማታውቁኝ፣ እኔም ለማላውቃችሁ። እንድታዝኑልኝ አይደለም። ያዘነልኝ ሰው በዝቶ ነው እዚህ የደረስኩት።

ሰናይት እባላለሁ። ጅቡቲ ከተማ ውስጥ አማርኛ የሚሰማ ሰው ስሜን ባያውቅ ድምፄን ያውቃል። ስለ ስትሮክ ምልክቶች በሬዲዮ የሚነገረው ማስታወቂያ የእኔ ድምፅ ነው። "ያቺ ፊት ከተጣመመ የምትለዋ" ይሉኛል የከባድ መኪና ሾፌሮቹ፣ የቤት ሠራተኞቹ፣ ወደ የመን ለመሻገር ቀን የሚጠብቁት ልጆች። መንገድ ላይ አስቁመው እጄን የሚስሙም አሉ። ያን እጅ ስሰጣቸው ምን ይሰማኝ እንደነበር ልንገራችሁ? ምንም። መጀመሪያ ያቃጥለኝ ነበር፤ ኋላ ለመድኩት። ሰው የማይለምደው ነገር የለም፤ እኔ ይህንንም ለመድኩ።

አስቀድሜ ግን ስለ እትዬ አስካለ ልንገራችሁ። እሷን ሳታውቁ የእኔን በደል ብትሰሙ ምንም አልሰማችሁም።

ጅቡቲ የመጣሁት ሃያ ዓመት ሳይሞላኝ ነው፤ ከወሎ፣ ከሰፈሬ ልጆች ጋር፣ ገሚሱን በእግር ገሚሱን በጭነት መኪና። ሐሳባችን በኦቦክ በኩል ባሕሩን ተሻግረን የመን፣ ከዚያም ሳዑዲ መግባት ነበር። ካርቲየ ሰባት የሚባለው የጅቡቲ ከተማ ሰፈር ስንደርስ እግሬ አብጦ ጫማ አልገባ ብሎኝ አንድ የቆርቆሮ ቤት ደጃፍ ላይ ቁጭ አልኩ። ከቤቱ ደልደል ያለች ሴት ሳምቡሳ የሞላበት ሳፋ ይዛ ወጣችና እግሬን አየችው።

"ወዴት ነው መንገዱ?" አለችኝ።

"የመን።"

"ዋና ትችያለሽ?"

"አልችልም።"

"እንግዲያው ግቢና ሩዝ ብዪ" አለችኝ።

በዚያው ቀረሁ። ጓደኞቼ እግሬ እስኪድን ሊጠብቁኝ አልቻሉም፤ ተሳፈሩ። ጀልባቸው ወዲያኛው ዳር አልደረሰም። ወሬው የመጣ ቀን እትዬ አስካለ ራሴን ጭኗ ላይ አድርጋ ፀጉሬን ስትፈታ፣ ስትሠራ፣ መልሳ ስትፈታ ዋለች። በሕይወት ያለሁት ያቺ ሴት ሩዝ ስላበላችኝ ነው። የሠራሁትን የሠራሁት እሷ ላይ ነው።

እትዬ አስካለ የድሬዳዋ ሰው ናት። ባሏ ሲሞትባት አንዲት ልጇን፣ ትዕግስትን፣ ለእህቷ ትታ ነው የተሰደደችው። ለዓመታት በፈረንጆች ቤት ምግብ ስታበስል ኖራ፣ ጉልበቷ ሲደክም ካርቲየ ሰባት አንዲት ክፍል ተከራየችና ሳምቡሳና ሩዝ መሸጥ ጀመረች። እኔን ሆዳን በሚባል ሰፈር አንድ የአስተማሪዎች ቤት በሠራተኝነት ያስገባችኝም እሷ ናት። ልጆቹ የቤት ሥራቸውን ጮክ ብለው ሲያነቡ እኔ ወጥ እያማሰልኩ ከንፈሬን አንቀሳቅስ ነበር፤ ፈረንሳይኛ የያዝኩት እንደዚያ ነው። ሶማሊኛውን ደግሞ ገበያው አስተማረኝ። አርብ አርብ እረፍቴ ስለሆነ እትዬ አስካለ ዘንድ እመጣለሁ። ከጊዜ በኋላ ሥራውን ትቼ ጠቅልዬ እሷ ጋ ገባሁና አንድ ጤና ጣቢያ ውስጥ የአገሬ ሰው ታሞ ሲመጣ ማስተርጎም ጀመርኩ። ቋሚ አልነበረም፤ የመኖሪያ ወረቀትም አልነበረኝም። ሲጠሩኝ እሄዳለሁ፣ ሳይጠሩኝ ሲቀሩ ሳምቡሳ እጠቀልላለሁ።

በእኛ አቆጣጠር ሁለት ሺህ ገብቶ ጥቂት ዓመታት ሲያልፉ አንድ የጤና ማኅበር ስለ ስትሮክ ዘመቻ ሊጀምር ተነሣ። ሰው በየቤቱ እየተመታ፣ ቤተሰብ ዘይት ሲቀባውና ጸሎት ሲያደርስለት ውሎ አድሮ ሐኪም ቤት የሚደርሰው ካለቀለት በኋላ ነበር። ማስታወቂያው በፈረንሳይኛ፣ በሶማሊኛ፣ በአፋርኛና በዐረብኛ ተዘጋጀ። መዳም ሩቅያ የምትባል የዘመቻው ኃላፊ፣ ትሕትና ያላት የአገሩ ተወላጅ፣ "ኢትዮጵያውያኑስ?" ብላ ጠየቀች። ሰዎች ወደ እኔ መሯት።

የፈረንሳይኛውን ጽሑፍ ይዤ ወደ ቤት መጣሁ። ቃል በቃል ተርጉሜ ለእትዬ አስካለ አነበብኩላት። ሊጥ እየዳመጠች ሰማችኝና ሳቀች።

"ይሄንን ማን ሰምቶት ማን ሊነሣ? የእኛ ሰው አፉ ሲጣመም መጋኛ ነው ይላል፤ ንፋስ መታኝ ብሎ ተሸፋፍኖ ይተኛል። መጀመሪያ ንፋስ አይደለም በዪው። አትተኛ በዪው።"

ማስታወቂያው እንዲህ ሆነ፦ "ፊት ከተጣመመ፣ እጅ አልነሣ ካለ፣ ምላስ ከተሳሰረ፣ ንፋስ አይደለም! መጋኛ አይደለም! ስትሮክ ነው። ታማሚውን አታስተኙት፤ አሁኑኑ ሐኪም ቤት አድርሱት!" ጮክ ብዬ በተለማመድኩ ቁጥር የዘይቱ ምጣድ አጠገብ ሆና ትሰማኛለች። "'አሁኑኑ' የምትዪውን ጠንከር አድርጊው" ትለኛለች። ጠንከር አደረግኩት። ሰው እስከ ዛሬ የሚያስታውሰው ያንን ቃል ነው። ልጆች መንገድ ላይ ሲጫወቱበት እሰማ ነበር፤ አማርኛ የማያውቁ የሶማሌ ልጆች ሳይቀሩ "አሁኑኑ!" እያሉ ይሯሯጡ ነበር።

መዳም ሩቅያ በሥራዬ ደስ አላት። አንድ ሙሉ የቀጥታ ስርጭት በአማርኛ እንዲሆን አስፈቀደች፤ እኔ እንዳስረዳ፣ ሰው ደውሎ እንዲጠይቀኝ። ጠጋ ብላም "ይህ ካማረ ቋሚ ሠራተኛ አደርግሻለሁ፣ ወረቀትሽንም እኛ እናስወጣለን" አለችኝ። ወረቀት! ለዓመታት ፖሊስ ባየሁ ቁጥር ወደ ሱቅ ስገባ የኖርኩ ሰው ነኝ። እዚህ ላይ "ስለዚህ ነው" ልል እችል ነበር። አልልም። ፈርቼ አይደለም ያደረግኩት። ፈልጌ ነው። ያን ማይክሮፎን ፈልጌው ነበር፤ ሰው እንዲሰማኝ ፈልጌ ነበር።

ቀኑ ደረሰ። ያ ከበረሃ የሚመጣው ትኩስ ንፋስ መንፈስ የጀመረበት ወር ነበር፤ እትዬ አስካለ እንደ ሰፈሩ ሰው ሁሉ ሙቀቱን ሽሽት ደጅ ነበር ያደረችው። በማለዳ ተነሥታ ቀሚሴን ልትተኩስልኝ ካውያውን ሰካች። እኔ መስተዋት ፊት ቆሜ ፀጉሬን እሠራለሁ፤ በአፌ የምናገረውን አነበንባለሁ። ድንገት ኳ የሚል ድምፅ ሰማሁ። ካውያው ወድቆ የወለሉ ፕላስቲክ መሽተት ጀምሯል። ዘልዬ በግራ እጄ ሽቦውን ነቀልኩት።

"እጄ ከዳኝ" አለችኝ እየሳቀች። ሳቋ ግን ወደ አንድ ወገን ብቻ ሄደ። የቀኝ ከንፈሯ ወደ ታች ወርዶ ቀረ።

አየሁት። እዚህ ላይ እንዳትሳሳቱ። ሌላ ሰው ቢሆን ላያይ ይችላል፤ እኔ አየሁት። በዚያ ከተማ ውስጥ ያንን ከንፈር አይቶ ምን እንደሆነ ማወቅ ያለበት አንድ የአገር ሰው ቢኖር እኔ ነበርኩ። ቀኝ እጇ ጎኗ ላይ ተንጠልጥሏል። ቀጥሎ የሚጠየቀውን አውቃለሁ፤ "ሁለቱንም እጅሽን አንሺ" ይባላል። አላልኳትም። ለምን አላልኳትም? እንደማይነሣ ስለማውቅ ነው። ካልተነሣ ደግሞ መቅረት አለብኝ።

ውጭ የመኪና ጡሩንባ ተነፋ። ሊወስዱኝ መጥተው ነው። እትዬ አስካለ አልጋው ጠርዝ ላይ ቁጭ አለችና ቀና ብላ አየችኝ። ምላሷ ከብዷታል፤ ቃሉን ጎትታ ነው ያወጣችው።

"ሰናይት... ይሄ... ያ የምትዪው ነገር ይሆን እንዴ?"

ጠየቀችኝ። እየሰማችሁኝ ነው? ጠይቃኛለች። ለልምምዴ ስትሰማ የከረመችው እሷ ናት፤ ምልክቶቹን ከእኔ እኩል ታውቃቸዋለች። አውቃው ሳለ ጠየቀችኝ፤ ከራሷ ይልቅ እኔን ስላመነች።

"አይደለም፣ እትዬ" አልኳት። "ንፋስ ነው። ደጅ ስለተኛሽ ነው። ጋደም በዪ፣ እስክመጣ ይለቅሻል።"

ንፋስ ነው አልኳት። እሷው ራሷ ከሰው አፍ ንጠቂው ያለችኝን ቃል መልሼ ለእሷ ሰጠኋት። ተኚ አልኳት።

"እሺ" አለች፤ "አንቺ... ታውቂያለሽ።"

ከዚያ በኋላ እትዬ አስካለ በዚህ ምድር ላይ ቃል አልተናገረችም። የመጨረሻ ቃሏ ያ ነው።

አስተኛኋት። አንሶላ አለበስኳት። ሬዲዮውን ከፈትኩላት፤ "ስናገር ትሰሚኛለሽ" ብዬ። በሩን ገርበብ አድርጌ ስወጣ ጎረቤታችን ኻድራ፣ ጠዋት ጠዋት ሻይና ላሆህ የሚሉትን ስስ እንጀራ የምትሸጥ ሶማሌ፣ ደጃፏን ትጠርጋለች። "አስካለ የታለች?" አለችኝ። "ደክሟት ተኝታለች፤ እንዳትቀሰቅሺያት" አልኳት። ይህንንም እኔ ነኝ ያልኩት። አንድ በር ቀርቷት ነበር፤ እሱንም ዘጋሁባት።

በራችን ላይ የቆመችው መኪና የዘመቻው መኪና ነበረች። ጎኗ ላይ ፊቱ የተጣመመ ሰው ሥዕል ተለጥፎባታል። ሾፌሩን "ሰው ታሞብኛል፣ መጀመሪያ ሐኪም ቤት" ብለው ኖሮ በሁለት ቃል ያለቀ ነገር ነበር። መዳም ሩቅያም ብታውቅ ስርጭቱን ሰርዛ እሷው ትሸከማት ነበር፤ እንደዚያ ያለች ሴት ናት። ስንት ሰው ነበር ሊረዳኝ የሚችል! ማንም አልከለከለኝም። ገብቼ የኋላ ወንበር ላይ ተቀመጥኩ፤ ቀሚሴ እንዳይጨማደድ አስተካክዬ።

ስርጭቱ አማረ። ከዚያ በፊትም ከዚያ በኋላም እንደዚያ ተናግሬ አላውቅም። ድምፄ ይንቀጠቀጥ ነበር፤ ሰዎቹ ከልቧ ነው አሉ። አንዲት ሴት ደወለች። ስልኩ ውስጥ ትርምስ ይሰማል።

"እኅቴ፣ ባለቤቴ ከጠዋት ጀምሮ አነጋገሩ ተበላሽቷል" አለች። "ትንሽ ልተኛ ይለኛል።"

"እንዳታስተኚው!" አልኳት።

"ደክሞኝ ነው ይላል እኮ።"

"አትስሚው! ስልኩን ዝጊና አሁኑኑ ይዘሽው ሂጂ። አሁኑኑ፣ እኅቴ!"

ሴትዮዋ ዘጋች። ባሏ ዳነ፤ በኋላ ሁለቱም መጥተው አመሰገኑኝ። እሷን "አትስሚው" ስላት የተቀመጥኩበት ወንበር ለምን አልገለበጠኝም? ለምን ማይክሮፎኑን ጥዬ አልሮጥኩም? ያን ጊዜም ገና ጊዜ ነበር። ሲያልቅ ደግሞ አጨበጨቡልኝ፤ ጭማቂና ኬክ ቀረበ፤ ፎቶ እንነሣ አሉ። ተነሣሁ። ፎቶው አለ፤ እስቃለሁ። በሁለት ወገን ከንፈሬ እስቃለሁ።

ቤት ስደርስ ቀትር አልፏል። እትዬ አስካለን ያገኘኋት አልጋው ላይ አይደለም። ግማሽ ሰውነቷ ወለል ላይ፣ ራሷ ወደ በሩ ዞሮ ነበር። ለመነሣት ሞክራለች። ሬዲዮው እንደተከፈተ ነው። ዓይኗ ክፍት ነው፤ ሙሉ ልቦናዋ ዓይኗ ውስጥ አለ። ያኔ ገባኝ። ስትሰማኝ ነው የቆየችው። "እንዳታስተኚው" ስል ተኝታ ሰምታኛለች። "ንፋስ አይደለም" ስል ሰምታኛለች። ያንን ሁሉ ሰምታ፣ አውቃ፣ መጣራት አቅቷት፣ በግራ እጇ ወለሉን እየቧጠጠች ወደ በሩ ስትሳብ ነው ያገኘኋት።

ጮህኩ። ኻድራ መጣች። "ወላሂ በሬዲዮ ስትናገሪ በግድግዳው በኩል 'አስካለ፣ ልጅሽ እየተናገረች ነው!' ብዬ ተጣርቼ ነበር" አለች እያለቀሰች። "መልስ የለም። ተኝታለች ስላልሽኝ ተውኳት።"

ተሸክመን ወደ መንገድ አወጣናት። ጫት የሚገባበት ሰዓት ነው። ጅቡቲን የሚያውቅ ያንን ሰዓት ያውቀዋል፤ መኪናው ሁሉ ጡሩንባውን እየነፋ ይከንፋል፣ ሰው ሁሉ ወደ ሻጮቹ ይሮጣል፣ ለማንም የሚቆም ታክሲ የለም። በጠዋቱ መኪና ደጄ ቆሞ ሲጠብቀኝ ነበር፤ አሁን መንገድ ዳር ቆሜ እጄን አወዛውዛለሁ። በመጨረሻ ኻድራ አንድ ጫት የጫነ መኪና ፊት ገብታ ቆመች። "በእኔ ላይ ሂድበት!" ብላ ጮኸችበት። ሾፌሩ እየተሳደበ ወረደ፤ እትዬ አስካለን ሲያይ ግን ስድቡን ተወና ጆንያዎቹን ገፋ አድርጎ አስገባልን።

ሐኪሙ ወጣት ነው። "መቼ ነው የጀመራት?" አለኝ በፈረንሳይኛ።

"አላውቅም። ስወጣ ደህና ነበረች" አልኩት።

"ምንም ምልክት አልነበራትም?"

"ምንም።"

እትዬ አስካለ አጠገባችን ባለው አልጋ ላይ ነበረች። ሐኪሙ ማን እንደሆንኩ ነግረውት ስለነበር ትከሻዬን ይዞ አጽናናኝ። "አይዞሽ፤ ምልክት ቢኖራት ኖሮ ከአንቺ ቀድሞ የሚያየው ሰው የለም" አለኝ። ደገፍ አድርጎኝ ወንበር ላይ አስቀመጠኝ። ውሃ አስመጣልኝ። ጠጣሁ።

ነፍሷ ተረፈች። ቀኝ ጎኗና አንደበቷ ግን አልተመለሱም። እኔም አስታመምኳት። አጠብኳት፣ አጎረስኳት፣ አገላበጥኳት፤ ጀርባዋ እንዳይቆስል ሌት ተቀን ተጋሁ። ሰፈሩ ሁሉ አደነቀኝ። "የወለደች እንኳ እንዲህ አታደርግም" ይሉ ነበር። በቤተ ክርስቲያን እናቶች ልጆቻቸውን ወደ እኔ እያመለከቱ ይመክሩ ነበር። ከፍቅር ነበር ወይስ ከፍርሃት? እየተካስኩ ነበር ወይስ እየተደበቅኩ? አንድ የማውቀው ነገር፣ ማንኪያውን ወደ አፏ ሳመጣ ዓይኗን ቀና ብዬ አላየሁም።

ሥራውን አገኘሁ። ወረቀቱንም አገኘሁ። በዓመቱ ዘመቻው ሲታደስ መዳም ሩቅያ "የራስሽን ታሪክ ብትነግሪያቸው ሰው ይበልጥ ይነካል" አለችኝ። ነገርኳቸው። "እንደ እናቴ የማያት ሴት ብቻዋን ቤት ሳለች ተመታች፤ አጠገቧ ምልክቱን የሚያውቅ ሰው አልነበረም" ብዬ በሬዲዮ ተናገርኩ። አጠገቧ ሰው አልነበረም አልኩ! ሰው አለቀሰ። ያ ንግግር ለብዙ ጊዜ ተደጋግሞ ተላለፈ።

ልጇ ትዕግስት ከድሬዳዋ በአውቶቡስ መጣች። እናቷ ስትሰደድ ትታት የሄደችው ሕፃን ትምህርቷን ጨርሳ አስተማሪ ሆናለች። በሩ ላይ እንዳየችኝ ጉልበቴ ላይ ወደቀች።

"እታለም፣ እናቴን ስላልጣልሽብኝ እግዚአብሔር ይስጥልኝ" አለችኝ። "አንቺ ባትኖሪ ምን ይውጣት ነበር?"

እትዬ አስካለ ይህን ሰማች። ግራ እጇን አንሥታ አልጋውን መታች። መላልሳ መታችው። ከጉሮሮዋ አንድ ድምፅ ይወጣል፤ ቃል ለመሆን የሚታገል ድምፅ። ዓይኗ ከእኔ አልተነቀለም።

ትዕግስት ደነገጠች። "ምን እያለች ነው? አንቺ ትሰሚያታለሽ አይደል?"

አስተርጓሚ አይደለሁ? የሰው ቃል አድራሽ ሆኜ ዳቦ የበላሁ ሴት አይደለሁ?

"'አመስግኚያት' እያለችሽ ነው" አልኳት።

ትዕግስት እንደገና ጉልበቴን ሳመች። የእትዬ አስካለ እጅ አልጋው ላይ ወደቀና ዝም አለ። ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች።

ምን ልትል ፈልጋ እንደነበር እስከ ዛሬ አላውቅም። ምናልባት "ውሸታም" ልትል ነው። ምናልባት "ይቅር ብያታለሁ" ልትል ነው፤ እሷ እንዲያ ልትል የምትችል ሰው ነበረች። ከሁለቱ የትኛው እንደሆነ እንዳላውቅ ያደረግኩት ግን ራሴ ነኝ። አንደበቷን በሽታ ወሰደው፤ የቀራትን ድምፅ ደግሞ እኔ ወሰድኩባት።

ትዕግስት ወደ አገሯ ልትወስዳት ፈልጋ ነበር፤ ሐኪሞቹ መንገዱን አትችለውም አሉ። እትዬ አስካለ ጥቂት ዓመታት እንደዚያ ኖራ በአንድ የጥር ወር አረፈች። ለቀብሯ የመጣው ሰው ብዛት! ሁሉም እኔን ነው ያጽናናው።

ባለፈው ወር ትዕግስት ደወለች። አግብታለች፤ ከብዙ ጥበቃ በኋላ ሴት ልጅ ወልዳለች። ድምጿ በደስታ ይዘፍናል።

"እታለም፣ ክርስትናዋ ሲደርስ ትመጫለሽ። ስሟን ወስነናል" አለችኝ። "ሰናይት ልንላት ነው። እንዳንቺ ያለ ልብ እንዲኖራት።"

እንዳንቺ ያለ ልብ! የእትዬ አስካለ የልጅ ልጅ በየቀኑ በእኔ ስም ልትጠራ ነው፤ ስታለቅስ፣ ስትጫወት፣ ትምህርት ቤት ስትገባ። ዝም ማለት እችል ነበር። ዝምታን ለምጄዋለሁ፤ አንድ ዓመት ሲጨመርበት አይከብድም ነበር። ግን ያቺን ሕፃን ከስልኩ ጀርባ ስታለቅስ ሰማኋት።

"ትዕግስት፣ ቁጭ ብለሻል?" አልኳት። ነገርኳት። ካውያውን ነገርኳት። ከንፈሯን፣ ጥያቄዋን፣ መልሴን ነገርኳት። ኻድራን "እንዳትቀሰቅሺያት" ማለቴን፣ ጭማቂውን፣ ፎቶውን ነገርኳት። "አመስግኚያት" ብዬ የተረጎምኩትንም ነገርኳት። አላለቀስኩም፤ ባለቅስ ልታጽናናኝ ትሞክራለች ብዬ ፈራሁ።

ስጨርስ ሕፃኗ እንደገና ስታለቅስ ሰማሁ።

"ልጄ ርቧታል" አለችኝ በመጨረሻ። ዘጋችው።

ከዚያ ወዲህ አልደወለችም። እኔም አልደወልኩም። መዳም ሩቅያ ዘንድ ሄጄ ሁሉንም ነግሬ ሥራዬን ተውኩ፤ ማስታወቂያውን ግን አታጥፉት አልኳት፤ ቃሉ እውነት ነው፣ ሰው ያድናል። ሌላ ሴት እንድትናገረው እየፈለጉ ነው። እስከዚያው የእኔው ድምፅ ነው የሚሰማው።

አንዳንዶቻችሁ "ቶሎ ብትወስጃትም ላትድን ትችል ነበር" ትሉኝ ይሆናል። ሊሆን ይችላል። ሐኪም ስላልሆንኩ አልከራከርም። እኔ የምከሰሰው ግን ሳትድን በመቅረቷ ብቻ አይደለም። አምና ጠየቀችኝ፣ አውቄ ዋሸኋት። ለዚህ ሰበብ የለኝም፤ ድህነቴም ሰበብ አይሆነኝም፣ ወረቀት ማጣቴም፣ ያስታመምኳት ዓመታትም። ይቅርታ እንድታደርጉልኝም አልጠይቃችሁም፤ እናንተን አልበደልኩም። ይቅር ልትለኝ የምትችለው አንዲት ሴት ድሬዳዋ ናት። እሷንም አላስቸግራትም።

የሕፃኗ ክርስትና አልፏል። ስሟን ማን እንዳሏት አላውቅም።